የእሱ ውሃ

አውቶቡሱ ውስጥ ከፊት ለፊቴ የተቀመጠው ጎልማሳ ክራቫቱን እስከ ጉሮሮው አጥብቋል። ጭኑ ላይ የመስታወት ሣጥን አለ፤ ሣጥኑ ውስጥ ክንዴን የሚያህል እባብ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ሰውዬው በየአምስት ደቂቃው ሣጥኑ ላይ የተለጠፈችውን የእርጥበት መለኪያ አጎንብሶ ያነባል። ከዚያ ከኮት ኪሱ ውሃ መርጫ ጠርሙስ ያወጣና በክዳኑ ወንፊት በኩል ፊስ ፊስ ያደርጋል። ላየው ሰው ለአራስ ልጅ ጡጦ የሚያቀርብ ይመስላል።

"ቆዳውን ሊጥል ነው" አለኝ፣ ማን ጠይቆት እንደሆነ እንጃ። "እርጥበቱ ከስልሳ በታች ከወረደ ቆዳው ተቀዳዶ ላዩ ላይ ይቀርበታል። ታዲያ እኔ እያለሁ? ቤት ውስጥ የሚረዳኝ እኮ እሱ ብቻ ነው።"

አንጀቱ አይችልም እንግዲህ!

ይህን ሲል እናቱ አጠገቡ ተቀምጠዋል። ሙቀቱ ከንፈራቸውን ሰነጣጥቆታል።

"ልጄ፣ ትንሽ ውሃ" አሉት ለሁለተኛ ጊዜ።

"ስንደርስ፣ እማዬ" አላቸው ዓይኑን ከመለኪያዋ ሳይነቅል።

አሮጊቷ ጠርሙሱን ከኪሱ መዘዝ አድርገው አፋቸው ውስጥ ፊስ አደረጉ።

"እማዬ! የእሱ እኮ ነው!" ብሎ ነጠቃቸው።

ወዲያው መሀረቡን አወጣ። ለእናቱ መስሎኝ ነበር፤ የጠርሙሱን አፍ ወለወለበት።