ለአንድ ራም ሦስት ሽማግሌ

ላፕቶፕህ ከዘገመ ትልቅ ራም ግዛለት ይላሉ። ስህተት ነው። ለአሮጌ ላፕቶፕ ትልቅ ራም መግዛት እግሩን ላልለኩት ሰው ትልቅ ጫማ እንደ መግዛት ነው፤ ጫማው ትልቅ ስለሆነ የሮጠ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ኮምፒውተር መጠገን ከጀመርሁ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። በመጀመሪያው ቀን ካቻቢቴ ይሰጡኛል ብዬ ስጠብቅ አለቃዬ ጋሽ ይርጋ ላጲስ ሰጡኝ። ራም ማለት ኮምፒውተሩ እየሠራበት ያለውን ነገር ሁሉ ዘርግቶ የሚይዝባት፣ ጣት የምታህል ቀጭን ሰሌዳ ናት። ጠርዟ ላይ የተደረደሩት ቢጫ ጥርሶች ከቆሸሹ ኮምፒውተሩ አይነሳም። ቀኑን ሙሉ ጥርስ ስፈገፍግ ዋልሁ።

«ጋሽ ይርጋ፣ እኔ እኮ ዲግሪ አለኝ» አልኋቸው ወደ ማምሻው ላይ።

«ጥሩ ነው። እንግዲያው ማንበብ ትችላለህ» አሉኝ። «ራም ከማስገባትህ በፊት ላይዋ ላይ የተለጠፈውን አንብብ።»

ጋሽ ይርጋ ከሬዲዮ ጥገና ወደ ኮምፒውተር የተሻገሩ ሰው ነበሩ። እኔ ደግሞ ያኔም፣ አሁንም የወፍራም መጽሐፍ ሰው ነኝ። ምክራቸው ማንበብ ለማይወድ ሰው የታሰበ መሰለኝና ተውሁት። ሥራ ሲያቆሙ ሱቁንና ከሞቱ ላፕቶፖች የወጣ ራም የሞላበትን መሳቢያ ለእኔ ተዉልኝ።

ከዚያ ወዲህ የማይገባኝ አንድ ነገር አለ። የአገሬ ሰው የበሬን ዕድሜ ለማወቅ ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ያያል። ያው ሰው ለልጁ ላፕቶፕ ራም ሲገዛ ግን ክዳኑን የሚገልጥ የለም። «ሞዴሉ ምንድን ነው?» ስትለው «ጥቁር ነው» ይልሃል።

መምህርት እናትነሽ የመጣችው ረቡዕ ጠዋት ነበር። ቁይ ከተማ ባዮሎጂ ታስተምራለች፤ የማስተርስ ጥናቷን ዓርብ ፈታኞች ፊት ልታቀርብ ነው። ጥናቱ ስለ ገብስ በሽታ ስለሆነ በፎቶ የተሞላ ነው፤ ፋይሉን ስትከፍተው ላፕቶፑ ደርቆ ይቀራል። ዓርብ ካላቀረበች ዓመት ሙሉ ትጠብቃለች። የሰው ላፕቶፕ ለመዋስ ሞክራ ነበር፤ ነገር ግን ያን ሰሞን ተመራቂው ሁሉ የራሱን እንደ ሕፃን አቅፎት ነው የሚዞር።

አጎቷ አቶ ደምለው አብረዋት ነበሩ። የእህል ነጋዴ ናቸው። ከአዲስ አበባ ያስመጡትን ራም ከነማሸጊያው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። ስምንት ጂቢ፣ አዲስ።

ላፕቶፑን ገለበጥሁና ከፈትሁት። ሁለት ማስገቢያ አለው፤ አንዱ ባዶ ነው፣ አንዱ ላይ ሁለት ጂቢ አለ። አወጣሁት።

«አቶ ደምለው፣ ይህ አይሆንም። የእሷ ላፕቶፕ የሚቀበለው የራም ዓይነት ዲዲአር 3 ነው። እርስዎ ያመጡት ዲዲአር 4 ነው።»

«አራት ከሦስት አይበልጥም?»

«ይበልጣል። ግን አይገባም።»

«ከዚያስ ምን ልታደርግ?»

«ከመሳቢያዬ የሚሆናትን እሰጣታለሁ።»

«አሃ!» አሉ፤ ፊታቸው በራ። «ነገሩ ወዲህ ነው! የራስህን አሮጌ ልትሸጥ የእኔን አዲስ ታረክሳለህ።»

እናትነሽ «ጋሼ፣ እባክዎ ይተዉት፣ ቀኑ እየሄደ ነው» ብትላቸውም ወጥተው ሄዱ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሦስት ሽማግሌ ይዘው ተመለሱ። ሁለቱ ለገበያ የመጡ የቁይ ጎረቤቶቻቸው ናቸው። ሦስተኛው ግን የእኔው ጎረቤት፣ ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ሰዒድ ናቸው፤ ለእኔ ወገን እንዳይጎድል ተብሎ።

ሽምግልናው በደንቡ ተካሄደ። ሁለታችንም ተናገርን፣ ውጡ ተባልን፣ ወጣን፣ ተጠራን። ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ፍርዱን ሰጡ፦

«ማስገቢያው ሁለት ነው ብለሃል። እንግዲያው ባንዱ የአቶ ደምለው ይግባ፤ ባንዱ የአንተ ይግባ። ማንም አይከፋም።»

በዚህ አገር መሬት እንዲህ ይታረቃል፤ ባልና ሚስትም እንዲህ ይታረቃሉ። ራም ግን ጠርዙ ላይ አንዲት ቁርጥ አለችው፤ ማስገቢያው ውስጥ ደግሞ እዚያች ቁርጥ ላይ ልክ የምትቀመጥ ጉብታ አለች። በ3 እና በ4 ቦታዋ ይለያያል። የአቶ ደምለውን ራም ሽማግሌዎቹ እያዩ ለማስገባት ሞከርሁ። ጉብታዋ ሽምግልና አልተቀበለችም።

«አያችሁ?» አልሁ። እውነት ለመናገር ደስ ብሎኛል። ስለ ማንበብ አጭር ንግግርም አደረግሁ። ከዚያ ከመሳቢያዬ አራት ጂቢ አንስቼ ጫን አደረግሁት። ቀጭ አለና ገባ። ማብሪያውን ተጫንሁ።

ጨለማ። አወጣሁት፣ በላጲስ ፈገፈግሁት፣ መለስሁት። ጨለማ።

አቶ ደምለው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው ጠበቁኝ። «ኢንጂነር፣ የእኔስ አልገባም። የአንተ ገብቶ ምን ሠራ?»

እናትነሽ አታለቅስም፤ ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ ነበር የምታይ። እሱ ከልቅሶ ይከብድ ነበር።

ያን ጊዜ ሐጂ ሰዒድ «የወጣው የታለ?» አሉ።

«ምኑ ሐጂ?»

«ቀድሞ ይሠራ የነበረው። እኔ ዘንድ ለቀሚሱ ክር የሚፈልግ ሰው ቁራጩን ይዞ ነው የሚመጣ። በአፉ ቢነግረኝ አልሸጥለትም።»

ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። እንግሊዝኛ አይችሉም፤ ቁጥር ግን የሚያመልጣቸው አይደሉም። አሮጌውን በቀኝ፣ የእኔን በግራ ያዙ።

«ይኸ አንድ ነጥብ ሦስት አምስት ይላል። የአንተ አንድ ነጥብ አምስት። ልዩነት የለውም?»

አለው። ቮልት ነው። የእናትነሽ ላፕቶፕ ዝቅተኛውን ቮልት ብቻ ከሚቀበሉት ወገን ነው፤ ሌላው ልክ ሆኖ ይገባለታል እንጂ አይነሳለትም። ይህን አውቃለሁ፤ ስንት ጊዜ ለሌላ ሰው አስረድቻለሁ። በዓመት ይህን ያህል መጽሐፍ የማነብ ሰው ግን ጥፍር የምታህለውን ወረቀት አላነበብሁም።

«ልዩነት አለው» አልሁ። «ስህተቱ የእኔ ነው።»

ሐጂ ከሱቃቸው አቡጀዲ አምጥተው ዘረጉ፤ መሳቢያውን ላዩ ላይ ገለበጥሁት። እኔ 3 የሆኑትን ስለይ እሳቸው ነጥብ ሦስት አምስት ያለበትን ይፈልጋሉ። አንድ አራት ጂቢ ተገኘ። ከማስገባቴ በፊት የላፕቶፑን ሞዴል አይቼ ምን ያህል እንደሚችል አረጋገጥሁ፤ በዚያ ቀን መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን መጨረሻ ላይ አደረግሁ ማለት ነው። አሮጌው ሁለት ወደ ቦታው ተመለሰ፣ አራቱ ባዶው ላይ ገባ። ስድስት። ላፕቶፑ ተነሳ። የገብሱ ፎቶ አንድ በአንድ ተከፈተ።

«ስምንት አይደለም እኮ» አሉ አቶ ደምለው።

«ጋሼ!» አለች እናትነሽ።

ዓርብ አቀረበች፤ አለፈችም። የአጎቷ ራም ዛሬ ቁይ ቤታቸው ቡፌ ላይ ከነማሸጊያው ተቀምጧል። እንግዳ ሲመጣ እያሳዩ «የእናትነሽ ማስተርስ በዚህ ነው ያለቀ» ይላሉ አሉ።

ከዚህ የተማርሁት አጭር ነው። ዓይነቱ፣ ቮልቱ፣ ላፕቶፑ የሚችለው መጠን። ሦስቱ ከገጠሙ ይሠራል፤ ካልገጠሙ ራሙ አዲስ ሆነ፣ ውድ ሆነ፣ የሚያስገባው ሰው የተማረ ሆነ አይሠራም።

አንተም ራም ከመግዛትህ በፊት አሮጌውን አስወጥተህ ይዘኸው ና። ሽማግሌ ይዘህ አትምጣ።