ቀላሉ ጠመንጃ

የእህቴን ባል ሥራ ቦታችን ሁሉም ግንዱ ይለዋል። የፈለጉትን ቢጭኑበት ንቅንቅ አይልም ለማለት ነው። ስሙን ያወጡለት ጫኞቹ ናቸው። ሥራው ለአደን የሚመጡ እንግዶችን ጠመንጃ መሸከም ነው። እንግዳው እጁን ኪሱ ከትቶ ይሄዳል፤ ግንዱ መሣሪያውን አንግቶ ከኋላ ይከተላል፣ ጎሽ ሲታይ ያቀብላል። እንግዳው ይተኩሳል፣ ፎቶ ይነሳል፣ አገሩ ይገባል። እኔ የመኪናው ሾፌር ስለሆንኩ ይህን ሁሉ በመስታወት እያየሁ ኖሬያለሁ።

የድርጅቱ አሮጌ ጠመንጃ ምሰሶ ማለት ነበር። ላዩ ላይ የተገጠመው የማነጣጠሪያ መነጽር ደግሞ ለብቻው ሸክም ነው። ያ ብረት ዕድሜውን ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ሲውል የግንዱ ቀኝ ትከሻ ተበላ። ከሥራ ሲመለስ ሸሚዙን የምታወልቅለት እህቴ ናት፤ ክንዱ ወደ ላይ አይነሳም።

ይህን አለቃችን ሰማ። ሐኪም ጋ የላከው እንዳይመስላችሁ። ቢሮው ጠራውና መሸከም ያቃተው ሰው እዚህ ድርጅት ውስጥ ምን እንደሚሠራ ጠየቀው። ከዚያ እንደ ትልቅ ውለታ፣ "አዲስ ጠመንጃ ልንገዛ ነው። የምትሸከመው አንተ ነህ፣ ሂድና ራስህ ምረጥ። ከዚያ በኋላ ግን ከበደኝ የሚል ወሬ እንዳልሰማ" አለው።

ሱቁ ድረስ አብሬው ሄድኩ። ጠባብ ቤት ነው፤ ጠመንጃዎቹ ግድግዳው ላይ በሰንሰለት ታስረዋል። ሻጩ መጀመሪያ ሰደፉ እንጨት፣ አፈሙዙ ወፍራም የሆነውን አወረደለት። ግንዱ ትከሻው ላይ ሲያሳርፈው ፊቱ ተጨማደደ፤ መለሰው። ቀጥሎ የፕላስቲክ ሰደፍ ያለው ቀጭኑ መጣ። አነገተው፣ እስከ በሩ ሄዶ ተመለሰ። ጃንጥላ የያዘ ነበር የሚመስለው። ከስንት ጊዜ በኋላ ሲስቅ አየሁት።

ሻጩ ምንም አልደበቀንም። የጎሽ ጥይት ያው የጎሽ ጥይት ነው፤ ጠመንጃው በቀለለ ቁጥር የኋላ ምቱን አብዝቶ የሚቀበለው የተኳሹ ትከሻ ነው አለ። እሱን ከወሰዳችሁ መነጽሩ እንኳን ከዓይን ራቅ ብሎ የሚያሳይ ይሁን ብሎ መከረን። ያኛው መነጽር ግን ከበድ ይላል። ግንዱ ትንሿን መነጽር አነሳ። እሷ ዓይን ካልተጠጋት አታሳይም፤ ጠመንጃው ሲራገጥ ቅንድብ ትፈነክታለች።

"ጋሼ፣ ይሄ እንግዳውን ይጠልዘዋል" አልኩት።

"እንግዳው አንዴ ነው የሚተኩሰው። እኔ ቀኑን ሙሉ ነው የምሸከመው።"

ሰውን በትከሻውና በሥራው መሃል አስገብቶ "ምረጥ" ማለት ማስመረጥ ከሆነ፣ ጉሮሮ አንቆ "ተንፍስ" ማለትም ነፃነት ነው።

ቀጣዩ እንግዳ ጠመንጃውን አንዴ ዒላማ ላይ ሞከረው፤ ቅንድቡ ተሰነጠቀ። አለቃችን ፕላስተር ለጥፎለት "የወንድ ምልክት ነው" አለው፤ ሁለቱም ሳቁ። ሌላ ጥይት ለመሞከር ግን እንግዳው አሻፈረኝ አለ። በማግስቱ ጎሹ ሸምበቆ ዳር ቆሞ ተገኘ። ግንዱ መሣሪያውን አቀበለ። እንግዳው ገና ቃታውን ሳይስብ ፊቱን ከመነጽሩ ሲያሸሽ ከመኪናው ሆኜ አየሁት። ጥይቱ ጎሹን ሆዱ ላይ አገኘው፤ ጎሹ ቆስሎ ሸምበቆው ውስጥ ገባ።

በእኛ ሥራ የቆሰለ ጎሽ አይተውም፤ ደሙን ተከትሎ ቀድሞ የሚገባው ደግሞ መሣሪያ ተሸካሚው ነው። ይህን ልማድ ማን እንዳወጣው አላውቅም። ሸምበቆ ውስጥ ገብቶ የሚያውቅ ሰው እንዳልሆነ ግን እምላለሁ። እንግዳው ከጎኔ ተቀመጠ። አለቃችን ከላይ ሆኜ ላይልህ ብሎ የመኪናው ጣሪያ ላይ ወጣ። ግንዱ ያችኑ ጠመንጃ ተቀብሎ ገባ።

አንድ ተኩስ ሰማን። ሌላ አልተከተለም። በኋላ እንደነገረኝ፣ የጠመንጃው ምት ያንን የተበላ ትከሻ ሲያገኘው ክንዱ ሽባ ሆነ፤ ሁለተኛ ጥይት ማጉረስ አቃተው። ጎሹ ረግጦት አለፈና ትንሽ ሄዶ ወደቀ።

ሆስፒታል ክንዱ ከእንግዲህ እንደማይሠራ ነገሩን። ሠራተኛ በገዛ ጥፋቱ ከተጎዳ ድርጅቱ ያሰናብተዋል። ስለዚህ እህቴ፣ ጠመንጃውን አለቃው ነው የመረጠው በል ብላ ባሏን ስትለምነው አደረች። አለቃችን ብርቱካን አንጠልጥሎ መጣና ነርሷ እየሰማች አልጋው ጫፍ ላይ ቆመ።

"ጠመንጃውን ማን ነው የመረጠው?"

"እኔ" አለ ግንዱ።

"ለምን እንደመረጠው ይጠይቁት እንጂ" አለች እህቴ።

አልጠየቀም። የመጣበትን አግኝቷል። ብርድ ልብሱን መታ መታ አደረገና ወጣ። ደረጃው ላይ ስንደርስ ወደ እኔ ዞሮ፣ ጠመንጃው ተጎድቶ እንደሆነ ጠየቀኝ። ጭረት እንኳን እንደሌለበት ነገርኩት።