ማህፉዛ ከላውንድሪ የተማረችው ስፓኒሽ

ማህፉዛ ከኬንያ ስደተኛ ካምፕ ተነስታ አውሮራ የምትባል የአሜሪካ ከተማ በገባች በዓመቷ፣ የስቴፕልተን ኤርፖርት ገና ሳይዘጋ፣ እዚያው አቅራቢያ ካለ ሆቴል ላውንድሪ ውስጥ ሥራ አገኘች። እንግሊዝኛዬን አሻሽልበታለሁ ብላ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ግን ከእሷና ከአለቃው በቀር ሁሉም የሜክሲኮ ሴቶች ናቸው፤ ሬዲዮው እንኳ የሚጮኸው በስፓኒሽ ነው።

አለቃው መስፍን የአዲስ አበባ ሰው ነው። በደርግ ጊዜ ኩባ ተልኮ ስለተማረ ስፓኒሹ እንደ ውሃ ይፈሳል። በዕድሜም ስለሚበልጣት «ጋሼ» እያለች በአክብሮት ነበር የምታናግረው።

«ጋሼ፣ ስፓኒሽ ትንሽ ቢያስተምሩኝ?» አለችው አንድ ቀን።

«ምን ያደርግልሻል እህቴ? እኔ እያለሁ! የሚሉትን እተረጉምልሻለሁ» አላት።

ከፍላ ለመማር አቅሙ አልነበራትም። ስለዚህ በነፃ የተገኘውን ሁሉ ያዘች። አብራት አንሶላ የምታጥፈው ኤልቪራ ዕቃውን እየጠቆመች ስሙን ትነግራታለች፤ ስትሳሳት እየሳቀች ታርማታለች። ማታ ማታ የቴሌቪዥኑን አንቴና እያጣመመች የስፓኒሽ ድራማ ታያለች። ከላይብረሪ ካሴት ትዋሳለች። ኮልፋክስ ጎዳና ላይ አውቶቡስ ስትሳፈር የተለጠፈውን ማስታወቂያ ጮክ ብላ ታነባለች፤ ሰው ዞሮ ቢያያትም ግድ የላትም።

ሥራው ግን ያንገሸግሻል። ጠዋት ጠዋት የሚታጠብ አንሶላ የተጫነበት ጋሪ ሲከፋፈል ክፉው ለእሷ ይደርሳል፤ ትውከት የደረቀበት፣ ደም የነካው፣ የሲጋራ ቁራጭ ከምግብ ትራፊ ጋር የተለወሰበት አንሶላ። በጓንቱ ውስጥ እንኳ እጇን ያሟልጫታል። ምሳዋን ሳትከፍተው ይዛ የምትመለስበት ቀን ብዙ ነበር።

«አዲስ ስለሆንሽ ነው፤ ሁላችንም ያለፍንበት ነው» ይላታል መስፍን። አመነችው።

እየቆየ ሬዲዮው ጫጫታ መሆኑ ቀረና ንግግር ሆነላት። አንድ ጠዋት መስፍን ጋሪ ሲያከፋፍል ለሴቶቹ በስፓኒሽ እንዲህ ሲል ሰማችው፦ «ቆሻሻውን ለኢትዮጵያዊቷ ስጧት። ከካምፕ የመጣች ናት፣ ሽታ አይሰማትም። ራሷም ትሸታለች።»

ከሴቶቹ ሁለቱ ሳቁ። መስፍንም ወደ ማህፉዛ ዞሮ በአማርኛ፣ ፊቱን በፈገግታ ሞልቶ፣ «እንዴት አደርሽ እህቴ?» አላት።

«እህቴ» የምትለዋ ቃል ከአፉ ስትወጣ እንደ በሰበሰ ሥጋ ሸተተቻት። ጓንቷን አወለቀች።

«ሽታማ ይሰማኛል፤ አሁንም እየሸተተኝ ነው» አለችው በስፓኒሽ። «ሜ ዳስ አስኮ።» ትቀፈኛለህ ማለቷ ነው።

መስፍን አፉን ለሳቅ ከፈተ፤ ሳቁ ግን አልመጣለትም።

«ቀልድ እኮ ነው! ደግሞ ስፓኒሹን መቼ ለመድሽው?» አላት በአማርኛ።

«አንተ ስትቀልድ» አለችው። በአማርኛ «አንተ» ስትለው የመጀመሪያዋ ነበር።

ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ስትቆም ኤልቪራ ተከተለቻት።

«ሁልጊዜ እንደዚህ ነበር የሚለው?» አለቻት ማህፉዛ።

«ከመጣሽ ጀምሮ» አለች ኤልቪራ መሬት መሬት እያየች። «እንዳታዝኚ ብዬ ዝም አልኩ። ደግሞ… አንቺ ካልወሰድሽው ለእኛ ይደርሰን ነበር።»

ማህፉዛን የመስፍን ነውር እንኳ ይህን ያህል አልጎዳትም። ያን ሁሉ ቃል በትዕግሥት ያስተማረቻት ሴት፣ ይችን አንዷን ነገር ደብቃ ንጹሑን ጋሪ ስትገፋ ከርማለች። ፊቷን ማየት ቀፈፋት።

ለሆቴሉ ማናጀር አመለከተች። እሱ አማርኛም ስፓኒሽም አይሰማም፤ ከመስፍን ጋር በእንግሊዝኛ ተሳስቀው ጉዳዩን ዘጉት። በዚያው ሳምንት ሥራውን ለቀቀች።

እዚያው አቅራቢያ እንግልውድ ከተማ ያለ አንድ ክሊኒክ ስፓኒሽ የሚችል እንግዳ ተቀባይ ሲፈልግ ተቀጠረች። ከዓመታት በኋላ ኤልቪራ ባሏ ታሞባት እዚያው መጣች፤ አየቻትና እጇን ዘረጋች። ማህፉዛ ወረቀቱን ሞላችላት፣ ሐኪሙ ጋ አስገባቻቸው፣ መድኃኒቱ እንዴት እንደሚወሰድ ቀስ ብላ አስረዳቻት። ሲወጡ ኤልቪራ፣ «አንድ ቀን ቤቴ ነይ፣ አብረን እንብላ» አለቻት።

«አይ፣ አልመጣም» አለች ማህፉዛ። ቀጣዩን ተረኛም ጠራች።