በግድግዳው ላይ የቀረው ገጀራ

ባለፈው ሳምንት ግቢዬን የወረረውን አረም ላስመነጥር ብዬ ሚዛን ተፈሪ ገበያ አጠገብ ወዳለ የብረታ ብረት ሱቅ ገጀራ ልገዛ ገባሁ፤ ሻጩ ጎረምሳ አንዱን ከመደርደሪያ አውርዶ ስለቱን ወደ እኔ አድርጎ ቢያቀብለኝ ሳላስበው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸሁ። ልጁ በሳቅ ፈነዳ። «ኧረ እትዬ፣ ገና ያልተሳለ እኮ ነው!» አለኝ። እሱ ምን ያውቃል! እኔ ባደግሁበት ሰፈር ገጀራ የሚቀባበለው እጀታው ቀድሞ፣ በሁለት እጅ፣ ጎንበስ ተብሎ ነበር፤ ስለቱን አስቀድሞ የሚሰጥ ወይ ሰክሯል ወይ ጠብ ፈልጓል። ሳልገዛ ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር ቤቴ ገጀራ ጠፍቶ አይደለም፤ አልጋዬ ስር ባለው ሳጥን ውስጥ በአሮጌ ነጠላ የተጠቀለለ አንድ አለ። ግን የእኔ አይደለም፤ የሰው አደራ ነው።

ያደግሁት ቴፒ፣ ድልድይ በር በምንለው የወንዝ ዳር ሰፈር ነው። ድልድይ በርን ቆረቆርኩ የሚል ሰው የለም፤ የቆረቆረው ውሃው ነው። ድልድይ ባልነበረበት ዘመን፣ ክረምት ወንዙ ሲሞላ መሻገር ያቃተው ሁሉ እስኪጎድል ብሎ ዳስ ይጥላል፤ ዝናቡ ሲበዛበት ዳሱን ጭቃ ይመርገዋል፣ ቀን ሲወጣለት ቆርቆሮ ያለብሰዋል፣ ውሃው ይጎድላል፣ ሰውየው ግን ይቀራል። አባቴም እንዲሁ ነው የቀረው። ማጂ የሚኖር አጎቱ ዘንድ ሊሄድ፣ የስፌት መኪናውን ተሸክሞ ከወሎ ተነስቶ፣ ወንዙ አቆመው። ከዚያ አገባ፣ እኔን ወለደ፣ የእድር ዳኛ ሆነ፤ ሰው አገርህ የት ነው ሲለው ግን እስከ መጨረሻው ድረስ «መንገደኛ ነኝ፤ ውሃው እስኪጎድል ነው» ይል ነበር።

የቡና ለቀማ ሲደርስ ሰፈራችን ገና ከሩቅ በሚሸተው ሽታ ይታወቅ ነበር። ከላይ ያለው የእሸት ቡና መፈልፈያ ገለፈቱን ወንዙ ላይ ስለሚለቀው፣ ውሃው ቀልቶና ደፍርሶ፣ የኮመጠጠ የፍራፍሬ ጠረን ከልብሳችንም ከእንጀራችንም አይጠፋም። በእንጨት ርብራቡ ድልድይ ላይ ቡና የተሸከመው፣ ሙዝ የተሸከመው፣ ልጅ ያዘለው ይጋፋል፤ በአንድ ጥግ የቤተ ክርስቲያን ከበሮ፣ በሌላው የጸሎት ቤት መዝሙር ይሰማል፤ እኛ ልጆች በአምስት ቋንቋ መሳደብ እንችል ነበር፣ ሰላምታ ግን በአማርኛ ብቻ።

እንዲህ ሳወራው ሰላማዊ ሰፈር ይመስላል። አልነበረም። ድልድይ በር ጠበኛ ነበር። ወንዙ ራሱ በየዓመቱ አንድ ነገር ካልበላ አይረጋም፤ ፍየል ይወስዳል፣ ቤት ይወስዳል፣ አንድ ዓመትማ የሠርግ ድግስ ከነብረት ድስቱ ጠራርጎ ሄዷል። ሴቶቹ ልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ በረጠበ አንሶላ ይጋረፋሉ። እኛ የወዲህ ተማሪዎች ከማዶ ተማሪዎች ጋር አርብ አርብ በድንጋይ እንፈናከታለን፤ ሊገላግል የገባው አስተማሪያችን እንኳ ግንባሩን ተፈንክቶ ሁለት ሳምንት በፋሻ አስተምሮናል። ወንዶቹ ደግሞ ከቡናው ጫካ ሲወጡ ገጀራቸውን ሌላው አገር ሰው ጃንጥላ እንደሚይዝ ነው የሚይዙት። በገበያ ቀን ቦርዴው፣ ያ ወፍራም የአገሬው ጠላ፣ ሲገባ ገጀራው ይወጣል። ጠባሳ የሌለበት ወንድ ድልድይ በር ላይ ከታየ፣ ይሄ ከየት የመጣ እንግዳ ነው ይባል ነበር።

ታዲያ አንድ የገበያ ቀን ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ጣሳ ቦርዴ ተጣልተው አንዱ የአንዱን ጆሮ ቆርጦ ጣለ። ጆሮውን ውሻ ይዞት ሲሮጥ ያየ ሁሉ ስካሩ በረደለት። ሽማግሌዎች በማግስቱ ተቀመጡና፣ ከዛሬ ጀምሮ ወደ ገበያ የሚገባ ሁሉ ገጀራውን ድልድዩ አፍ ላይ ካለው ልብስ ሰፊ፣ ከአባቴ ቤት ያስቀምጥ አሉ። ለምን እሱ ቤት ቢባል፣ የአባቴ ዘመድ በማዶም በወዲህም የለም፤ ዘመድ የሌለው አያዳላም። ኃላፊነቱም በዚያው ተወሰነ፤ ገጀራን ያለ ጊዜው የሰጠ፣ ለፈሰሰው ደም ተጠያቂ ነው ተባለ።

አባቴ ለዚህ የራሱን ዘዴ አበጀ። ከስፌት የተረፈ ብጣሽ ጨርቅ ለሁለት ይቀደዳል፤ ግማሹ ገጀራው እጀታ ላይ፣ ግማሹ የባለቤቱ የእጅ አንጓ ላይ ይታሰራል። ማታ ሲመለስ ጨርቁ ከጨርቁ ከገጠመ ገጀራውን ይወስዳል። ግን መግጠሙ ብቻ አይበቃም፤ ልቡም መብረድ አለበት። ዓይኑ የቀላ ሰው ከመጣ አባቴ «አንድ ጊዜ፣ ይቺን ሱሪ ልጨርስና» ይልና መኪናውን መርገጥ ይጀምራል። ያቺ ሱሪ አታልቅም። ሰውየው ይጮሃል፣ ይራገማል፣ ይቀመጣል፣ ያዛጋል፣ ከዚያ ራሱ በራሱ ይስቃል፤ ያን ጊዜ ሱሪዋ ታልቃለች። «የሚጮኸውን አትፍሪ» ይለኝ ነበር አባቴ። «ዝም ብሎ ፈገግ እያለ የሚመጣውን ፍሪ። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው።»

ጨርቅ የምቀደውና የማስረው እኔ ነበርኩ፤ በዚህም የምኮራው ኩራት ለከት አልነበረውም። እናቴ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እያለች ብታላግጥብኝም፣ ጢማም ጎልማሶች እጃቸውን ዘርግተው ፊቴ ሲቆሙ ዳኛ የሆንኩ ያህል ይሰማኝ ነበር። ከሁሉም የምወደው የማዶውን ገበሬ ጋሽ አየለን ነው። የአባቴ ወዳጅ ነበር፤ ሲመጣ ሸንኮራ አይቀርበትም። ጨርቁ ሁልጊዜ ከትምህርት ቤት ዩኒፎርሜ የተረፈው ሰማያዊ ነው፤ ቀኝ እጁን ዘርግቶ «ዘነቡዬ፣ አጥብቀሽ እሰሪ፤ ውሃ እንዳይወስደው» ይለኛል።

አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነኝ፣ መንግሥት ተለውጦ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው፣ በአንድ የገበያ ቀን እማማ ጦቢያ ሞቱ። ቦርዴ ሻጯ ናቸው፤ ከእጃቸው ያልጠጣ ወንድ ስላልነበረ የማዶውም የወዲሁም ነቅሎ ለቀብር ወጣ። ገጀራዎቹን በጠዋት ተረክበን በግድግዳው ላይ ደርድረናቸዋል። የእድሩ ድንኳንና አግዳሚ የሚቀመጠው እኛ ቤት ስለነበር፣ ወንዶቹ ሊያወጡ ሲገቡ ቤቱ ጢም አለ። ጋሽ አየለም ገብቶ ነበር። ወደ ግድግዳው ቀና ብሎ አንድ ጊዜ አየና፣ የድንኳኑን ካስማ ተሸክሞ ፈገግ እያለ ወጣ። አባቴ መጨረሻ ላይ ጫማውን እያሰረ፣ «እስክመለስ ለማንም እንዳትሰጪ። ለማንም!» አለኝ። እናቴ ገበያ ነበረች። ብቻዬን ቀረሁ።

ብዙም ሳይቆይ ታምራት መጣ። ታምራት የጋሽ አየለ ማሳ አዋሳኝ ነው፤ ጋሽ አየለ ድንበር ላይ የነበረ የጥላ ዛፍ ሲቆርጥ ዛፉ የታምራት ቡና ላይ ወድቆ ብዙ እግር ቡና አድቅቆበት ነበር፤ ሽማግሌ ገብቶ፣ ተካክሰው፣ ተስማሙ ተብሏል። ፈገግ አለልኝ። «ዘነቡዬ፣ ሚስቴን ምጥ ያዛት። ጫካ ለጫካ ነው የምሄደው፤ ባዶ እጄን እንዴት ልሂድ?» አለና አንጓውን ዘረጋ። ቀይ ጨርቅ ነው። አባቴ ያለኝ ጠፍቶኝ አይደለም። ግን ምጥ ሲባል አንጀቴን በላው፤ ደግሞም፣ አሁን መዋሸት አልፈልግም፣ ደስ ብሎኛል። አንድ ጊዜ እንኳ ራሴ መርምሬ፣ ራሴ ወስኜ መስጠት አምሮኛል። ጨርቁን ከጨርቁ አጋጠምኩት፤ ክሩ ሳይቀር ገጠመ። እጀታውን አስቀድሜ፣ በሁለት እጄ፣ ጎንበስ ብዬ ሰጠሁት። «ተባረኪ» አለኝ።

ሚስቱ አላማጠችም። ታምራት ድልድዩ መሃል ሄዶ ቆመ። ቀብረኛው ከማዶ ሲመለስ ፊት ፊት ይመጣ የነበረው ጋሽ አየለ ነው፤ ባዶ እጁን ነበር፣ ገጀራው እኛ ቤት ነዋ። ደጃፍ ቆሜ አየሁ። ታምራት ሲሰነዝር ጋሽ አየለ ራሱን ሊከልል ቀኝ እጁን አነሳ። እጁ ሰማያዊው ጨርቅ እንደታሰረበት ርብራቡ ላይ ወደቀ፤ ጣቶቹ አንድ ጊዜ ተሰብስበው ተዘረጉ፤ ሰው ሲራወጥ በእግር ተመታና በእንጨቶቹ መሃል ሾልኮ ቀዩ ውሃ ውስጥ ገባ። አጥብቄ ነበር ያሰርኩት። ውሃው ከነጨርቁ ወሰደው።

ታምራትን እዚያው ድልድዩ ላይ በድንጋይ ወግረው ጣሉት። ከዚያ የታምራት ወገንም የአየለ ወገንም ወደ እኛ ቤት ሮጠ። አባቴ ቀድሞ ደርሶ የስፌት መኪናውን በሩ ላይ ገትሮ ከኋላው ተቀመጠና፣ የሚሰፋ ነገር ሳይኖር መኪናውን ጨብጦ «አንድ ጊዜ፣ ይቺን ልጨርስ! ይቺን ልጨርስ!» ይል ጀመር። ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። በድንጋይ ግንባሩን መቱት፤ መኪናውን ሲገለብጡት ሁለት ጣቱ ከብረቱ ስር ደቀቀ። ገብተው ገጀራቸውን አወረዱ። የሚገርመው፣ ያን ሰዓት እንኳ እያንዳንዱ ጨርቁን አጋጥሞ የራሱን ነው የወሰደው፤ የሌላ ሰው ገጀራ የነካ የለም። ከዚያ ወጥተው ተራረዱ። ወንዝ ዳሩ እስኪመሽ ጮኸ፤ አርብ አርብ በድንጋይ የምንፈነካከታቸው ልጆች አባቶች ማጠቢያው ድንጋይ ላይ ወድቀው አየሁ። የቤት ክዳን ነደደ። ወታደር በመኪና ሲደርስ የቀረው ማልቀስ ብቻ ነበር።

ግድግዳው ላይ አንድ ገጀራ ቀረ። ሰማያዊ ጨርቅ ያለበት።

ሬሳ ከተነሳ በኋላ ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ ከማዶም ከወዲህም ከሞት የተረፈ ወንድ ሁሉ ተሰበሰበ፤ ጋሽ አየለም ክንዱ ተጠቅልሎ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ተደግፎ መጣ። «የታምራትን ገጀራ ማን ሰጠ?» ተባለ። እናቴ ቀሚስ ውስጥ ተሸጉጬ ነበር። አባቴ በተጠቀለለ ግንባሩ ብድግ አለና፣ «ወደ ቀብር ከመውጣታችን በፊት እኔ ነኝ የሰጠሁት» አለ። አንድ ሰው አልተናገረም። ያ ሁሉ ወንድ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቀረ። እኔ ቁጣ መሰለኝ። ጥፋቱ የአባቴ ነው ተባለ፤ ገጀራ መጠበቁም በዚያው ቀረ፤ ሰው ሁሉ ብረቱን ይዞ ድልድዩን መሻገር ጀመረ። እኛም በወሩ ወደ ሚዛን ተፈሪ ተሰደድን። አባቴ በቀሩት ጣቶቹ ቁልፍ እየተከለ ኖረ። አንድ ቀን አልወቀሰኝም። ሊሞት ሲል ብቻ ሳጥኑን አሳየኝና «ባለቤቱ ሲመጣ ስጪው» አለኝ። ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣልኝም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ብዬ ነገሩን ከእሱ ጋር ቀበርኩት።

ከሱቁ በወጣሁ በሦስተኛው ቀን ሳጥኑን ከፍቼ፣ ገጀራውን እንደተጠቀለለ ይዤ ቴፒ ሄድኩ። ድልድዩ የሲሚንቶ ሆኗል፤ ባጃጅ ይመላለስበታል። የእኛ ቤት በነበረበት የስልክ ካርድ ይሸጣል። ገሚሱ ሞቷል፣ ገሚሱ ተሰዷል፤ ስም እየጠራሁ ብጠይቅ ባለሱቁ ልጅ አንዱንም አያውቅም። ጋሽ አየለ ግን ማዶ ነበረ፤ ሽበቱን ለፀሐይ ሰጥቶ፣ ደጃፉ ላይ ኮረሪማ በአንድ እጁ ይለቅማል። ማን እንደሆንኩ ሳልናገር ነጠላውን ፈታሁ። ሰማያዊው ጨርቅ ነጥቷል። ብዙ አየው፤ ከዚያ ሳቀ።

«የእኔ ጨርቅ የለም እኮ፣ ዘነቡዬ። ያለ ጨርቅ ልትሰጪኝ ነው? አባትሽ ቢኖር ይቆጣሽ ነበር።»

ያን ጊዜ ሃያ ዓመት ከምናምን የደበቅሁት ወጣ። እግሩ ስር ተደፍቼ፣ ለታምራት የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ አባቴ አይደለም አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ። «ነገር ከገባን ወዲህ እናንተ ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው የታምራትን ገጀራ ነበር። ድንኳኑን ልናወጣ ስንገባም አየሁት፤ ቀይ ጨርቁን አድርጎ ተሰቅሏል። ተሰቅሎ ስላየሁት ነው ልቤ አርፎ የሄድኩት። አባትሽ ወዲያው ተከትሎኝ ወጥቶ ከአጠገቤ አልራቀም፤ እማማ ጦቢያ አፈር ሲለብሱም አብረን ነበርን። እኔ ብቻ አይደለሁም ልጄ። ቤታችሁ የገባው ሁሉ አይቶታል። ሽማግሌዎቹም።»

«ታዲያ ምነው አንድ ሰው እንኳ...»

«አንቺ ልጅ ነበርሽ» አለኝ። «እኔ ደግሞ ሌላ እጅ ነበረኝ።»

ብቻዬን የተሸከምኩት ይመስለኝ ነበር። በማግስቱ ገጀራ ይዞ ሊገዳደል የሚችለው ያ ጠበኛ ሰፈር፣ ወንድሙን የቀበረው ሁሉ፣ ልጁን የቀበረው ሁሉ፣ ለአንዲት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሲል ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ዝም ብሏል፤ ዝምታውንም ይዞ ተበትኗል፣ ይዞ ሞቷል። አሁን ላመሰግናቸው ብል የት አገኛቸዋለሁ? ገጀራውን እጀታውን አስቀድሜ፣ በሁለት እጄ፣ ጎንበስ ብዬ ሰጠሁት። በግራ እጁ ተቀብሎ አጠገቡ አስቀመጠው። ያቺን የቀረችውን አንድ እጅ ያዝኩና ስለ ሁሉም ሳምኳት።