አባቴ የደፈናት መስኮት

እናቴ አረቄ አውጥታ ነው ያሳደገችን። አምቦ ውስጥ የእሷን ካቲካላ የማያውቅ ካለ ወይ መጠጥ የማይቀምስ ነው፣ ወይ ገና ትናንት የመጣ። ወደ ባኮ የሚወርዱ የከባድ መኪና ሾፌሮች ደጃችን ሳይቆሙ አያልፉም ነበር። ጓሮ ባለው ማድ ቤት በርሜሉን ትጥድና ከሥሩ የባህር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ እየማገደች ትውላለች። እሳቱ ከበረታ ድፍድፉ ይገነፍላል፣ ከደከመ አረቄው አይወርድም፤ ስለዚህ ከምድጃው ንቅንቅ አትልም። እኛ ልጆቿ ጭሱ ሲያንቀን ዓይናችንን እያሸን ስንሮጥ ትስቅብን ነበር። «ወዴት ትሸሻላችሁ? እንጀራችሁ እኮ ነው!»

በማድ ቤቱ የኋላ ግድግዳ ላይ መዝጊያ የሌላት ትንሽ መስኮት ነበረች። ጭሱ የሚወጣው በእሷ ነበር።

ሳሉ የጀመራት እኔ ተመርቄ ሥራ በያዝኩ ሰሞን ነው። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ብቻ ነበር። ኋላ ከገበያ ስትመለስ ዳገቱ መሀል ቆማ ትንፋሿን መጠበቅ ጀመረች። ጎረቤት ሁሉ ባንድ አፍ «ብርድ ነው፣ ነፋስ መቷት ነው» አለ። መቼም እኛ ዘንድ ነፋስ የማይከሰስበት በሽታ የለም። አውቶቡስ ውስጥ ሰው ታፍኖ ላብ በላብ ሆኖ እንኳ መስኮት የከፈተ ሰው የሚወርድበት ስድብ!

አባቴ ግንበኛ ነበር። ጭቃ ከጭድ ጋር አቡክቶ ያቺን መስኮት ደፈናት። የጣሪያውን ሥር በማዳበሪያ ከረጢት ወታተፈው፣ በሩ ላይም ጆንያ ሰቀለ። ሲጨርስ ግድግዳውን በመዳፉ እየዳበሰ፣ «በይ እንግዲህ፣ አሁን በየት እንደሚገባብሽ አያለሁ» አላት። ፊቷ በራ። ሰው ፊት ፍቅሩን የሚያሳይ ባል አልነበረምና። ጎረቤታችን የሆኑት ሴትዮ ሳይቀሩ ከአጥር ማዶ፣ «ኦቦ፣ የኛንም መጥተው ይድፈኑልን እንጂ!» ብለው ቀለዱ።

ክረምቱ ሲገባ ባሰባት። ሲብስባት ደግሞ አባቴ ሌላ ቀዳዳ ፈልጎ ይደፍናል። ወይኔ እናቴ! ያንን ሁሉ ጭስ ብቻዋን ነበር የምትስበው። «ተይው በቃ፣ እኔ ደሞዝ አለኝ» ስላት፣ «ያንቺ ደሞዝ ለራስሽስ መች በቃ?» ትለኛለች። ንድድ ይለኝ ነበር።

ሆስፒታል የወሰድናት ተጋድማ መተኛት ሲያቅታት ነው። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ደረቷን ደጋግማ አዳምጣ፣ ስለ ሥራዋም ጠይቃት፣ «እናቴ፣ ሳንባዎትን የጎዳው ጭስ ነው» አለቻት። «ሲጋራ ያላጨሰም ሰው በማገዶ ጭስ እንዲህ ይሆናል። የተጎዳው ወደ ድሮው አይመለስም፤ እንዳይብስ ግን ከጭሱ ይራቁ። ማድ ቤቱ መስኮት አለው?»

አባቴ ኮፍያውን በእጁ እያጠማዘዘ ወለሉን ያያል። ሊናገር አፉን ሲከፍት እናቴ ቀደመችው።

«የለውም» አለች፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ከድሮም... ኖሮት አያውቅም።»

አባቴ ቀና ብሎ አያት። እሷ ግን ዓይኗን ከሐኪሟ ላይ አልነቀለችም።

በዚያው ቀን ቤት እንደገባን መሮና መዶሻ ይዞ ወደ ጓሮ ሄደ። መስኮቷን ሲከፍት ድምፁ ሳሎን ድረስ ይሰማን ነበር። አረቄውም በዚያው ቀረ። በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ሰጥተዋት ትንሽ ቀለል ብሏት ነበር፤ በተከታዩ ክረምት ግን መተንፈስ አቃታት። አባቴ አልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብሎ በካርቶን ሲያራግብላት ነው ያረፈችው።

አሁን ብቻውን ነው የሚኖረው። የአምቦ ብርድ አጥንት በሚሰብርበት ጠዋት እንኳ ስሄድ የመኝታ ቤቱ መስኮት ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ እሱ ጋቢውን ተከናንቦ አገኘዋለሁ። ባለፈው ልዘጋው እጄን ስሰነዝር፣ «ተዪው» አለኝ።

«አባባ፣ አታውቅም ነበር እኮ!» ብዬ ጮህኩበት። እንባዬ መጣ። «ደግሞስ ያቺ መስኮት እንዲህ ትንሽ ሆና፣ ምን ጭስ ታወጣ ነበር?»

ቀስ ብሎ ዞሮ አየኝ።

«አንቺም እንደ እናትሽ ልትዋሺልኝ ነው?»

መስኮቱን ተውኩት። ከጋቢው ጫፍ ለራሴም ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።