ከማኅተሙ ሥር ያለው አንገት

ፎቶ ቤት ሥራ የገባሁ ቀን ልጄ ሜሮን ጀርባዬ ላይ ነበረች። አሰላ፣ ከገበያው ከፍ ብላ ባለች አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት። ባለቤቱ ጋሽ ተሾመ መጥረጊያ ሰጡኝና፣ «ወለሉን ጥረጊ፤ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ግን እንዳትነኪ» አሉኝ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ገና ያልደረቀ የሰው ጉርድ ፎቶ ነበር። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ፈሪ ነኝ። ጠረጴዛው አጠገብ ሳልደርስ ዋልኩ። ሊዘጉ ሲሉ ጎንበስ ብለው አዩና፣ «ከጠረጴዛው ሥርስ ማዘጋጃ ቤት መጥቶ ይጥረግልን?» አሉኝ።

እንዲህ ነው የጀመርኩት። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ፊደል ብስት ይቅር በሉኝ። ይህን የምጽፈው ሜሮን ስለወተወተችኝና በቴሌግራም ቡድናችን ያላችሁ ልጆችም «የድሮውን ይንገሩን» ስላላችሁኝ ነው።

በሁለተኛው ዓመት መቁረጫው ላይ አስቀመጡኝ። ጉርድ ፎቶ መቁረጥ ለሚያየው ቀላል ነው። አራቱም ጠርዝ ላይ ነጩ እኩል ካልቀረ ግን ሰውየው አንገቱ የጠመመ ይመስላል። ከዚያ ጨለማ ክፍል ገብቼ ፊልም ማጠብ ተማርኩ። ቀጥሎ ሪታች። ይህ በቀጭን ብሩሽና በእርሳስ የፊት ጠባሳና ማድያት መሸፈን ነው። ኮምፒውተር ሲመጣ ጋሽ ተሾመ፣ «እጅሽ ከእኔ እጅ ይረጋል፤ አንቺ ያዢው» አሉኝ። ኤሌክትሪክ ይይዘኛል ብዬ ማውሱን ሦስት ቀን በነጠላዬ ጫፍ ነው የያዝኩት! ጋሽ ተሾመ ለደንበኛ ሁሉ እየጠሩ ያሳዩኝ ነበር።

ከሁሉ የበዛው ሥራ አንገት ማጽዳት ነበር። ከገጠር ለትምህርት ወይም ለሥራ የሚመጡ ልጃገረዶች ከተማ ሲገቡ በአንገታቸው ንቅሳት ያፍራሉ። «እትዬ ዘነበች፣ አንገቴን አጽጂልኝ» ይሉኛል፣ ቀስ ብለው፣ ሌላው ደንበኛ እንዳይሰማ። አጸዳላቸዋለሁ። ስንት አንገት እንዳጸዳሁ አላውቅም። እጄ ሳላስበው የሚሠራው ሥራ ሆነ።

ጋሽ ተሾመ አንድ ሰማያዊ መስታወት ነበራቸው፤ የመዳፍ ግማሽ ያህላል። ማኅተም ያረፈበት የመታወቂያ ፎቶ ይዞ «አባዙልኝ» የሚል ሲመጣ፣ መስታወቱን ሌንሱ ፊት አድርገው በጥቁርና ነጭ ፊልም ያነሱታል። ታጥቦ ሲወጣ ሰማያዊው ማኅተም የለም! በጣም ቢበዛ እንደ ጥላ ብትቀር ነው፣ እሷን በብሩሽ እነካታለሁ። «ሰማያዊን በሰማያዊ ነው የሚሸኙት» ይሉ ነበር። ሰው ሁሉ ስልክ ይዞ ፎቶ ቤቱ ሲዘጋ፣ ሌላውን ዕቃ ሸጡና ይህን መስታወት በመሀረብ ጠቅልለው ለእኔ ሰጡኝ።

ቤት ዋልኩ። ሜሮን አድጋ፣ ካሜራ ገዝታ፣ ቅዳሜና እሑድ ጭላሎ ተራራ መውጣት ጀመረች። እስክትመለስ ቁጭ አልልም። ጅብ፣ ገደል፣ ብርድ፣ ክፉ ሰው፣ ሁሉም በየተራ ይመጣብኛል። አንድ ቀን ከጓደኞቿ ጋር ፎቶ የሚለዋወጡበትን የቴሌግራም ቡድን ስልኬ ላይ አስገባችልኝ። «የት እንዳለሁ እዚህ ታያለሽ፣ አትጨነቂ» አለችኝ። ከአጎራባቾቹ ከተሞች ከሁሩታም፣ ከሳጉሬም፣ ከዲክሲስም ልጆች አሉበት። ፎቶ ይለጥፋሉ፣ «ብርሃኑን ቀንስ»፣ «ጠርዙን ቁረጥ» ይባባላሉ። የቡድኑ ኃላፊ ከማል ነው። መድኃኒት ቤት ይሠራል፣ ምላሱ ምላጭ ነው። አንዱ ሰማዩን ከመጠን በላይ ቀለም ሲያስጠጣው፣ «ወንድሜ፣ ጭላሎ ላይ ባሕር ገባ እንዴ? መርከቡ መቼ ነው የሚመጣው?» አለው። ብቻዬን ሳቅኩ።

ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ አየሁ። አንድ ቀን አንዱ ልጅ ገብስ የምታበጥር ሴት ፎቶ ለጠፈ። ፀሐዩ ከአናቷ በላይ ነው፣ ዓይኗ ጉድጓድ መስሏል። ልጆቹ በኤዲት ሊያበሩት ይሟገታሉ። መጻፍ ስላፈርኩ በድምፅ ላክሁ፦ «ልጄ፣ በኤዲት አይሆንም። ነጠላዋን ጭኗ ላይ ዘርጋላት፤ ነጩ ብርሃኑን ወደ ፊቷ ይመልሰዋል።» ልኬ ስልኩን ትራስ ሥር ደበቅኩት። በማግስቱ ልጁ ሌላ ፎቶ ይዞ መጣ። የሴትዮዋ ፊት በርቷል፣ ሽፋሽፍቷ ይቆጠራል! ከማል፣ «እኚህ ሴት ማን ናቸው? እስካሁን የት ደብቃችሁብን ነው?» ብሎ ጻፈ። ያን ቀን ወጥ አሳረርኩ። ደስታ ነው ያሳረረው።

ከዚያ ወዲህ ጥያቄ ሁሉ ወደ እኔ ሆነ። የፊት ጥላ፣ የጥርስ ቀለም፣ ያረጀ ፎቶ። የደረጀ ጥያቄ የመጣውም እንዲሁ ነው።

ደረጀ ሳጉሬ የሚኖር የእርሻ ባለሙያ ነው። የእናቱን መታወቂያ በስልኩ አንስቶ ላከ። ጥቁርና ነጭ ጉርድ ፎቶ፣ ከቀኝ ጉንጯ እስከ አንገቷ ክብ ሰማያዊ ማኅተም ያረፈበት። «እናቴ ሌላ ፎቶ የላትም» አለ። «ስትሞት እህቴ ትዕግስት ገና ጡት አልጣለችም ነበር። እናቷን ያለ ማኅተም አይታት አታውቅም። ከሳምንት በኋላ ታገባለች። ፎቶውን አሳድጌ ልሰጣት ፈልጌ ነው።»

ልጆቹ ሁሉ ተረባረቡ። አንዱ ፊት በራሱ በሚጠግን የስልክ ፕሮግራም ሞከረው፤ ቅንድቧ የተቀነደበ፣ ከንፈሯ የተቀባ ሴት ወጣች። ደረጀ፣ «ቆንጆ ናት፣ ግን አላውቃትም» አለ። ከማል፣ «እትዬ ዘነበችን ጥሩልን!» አለ።

ልቤ ደነገጠ፣ እጄ ግን ቸኮለ። ሜሮን ስልኬ ላይ በጫነችልኝ ኤዲት ማድረጊያ ውስጥ ፎቶን ጥቁርና ነጭ የሚያደርግ ቦታ አለ፤ እያንዳንዱን ቀለም ለብቻው ማብራትም ማጨለምም ይቻላል። ሰማያዊውን ወደ ብርሃን ገፋሁት። ማኅተሙ ሸሸ! የጋሽ ተሾመ መስታወት ስልክ ውስጥ ገብቷል! «ሜሮን! ሜሮን ነይ እዪ!» እያልኩ ግቢውን በጩኸት ሞላሁት። የቀረችውን ጥላ በጣቴ አጸዳሁ። አንገቷ ላይ የቀሩ መስመሮችም ነበሩ፤ እነሱንም አጸዳሁ። ላክሁ። ቡድኑ በጭብጨባ ምልክት ተጥለቀለቀ።

የደረጀ መልስ ግን ቆየ። በሁለተኛው ቀን በድምፅ መለሰልኝ። «እትዬ፣ እጅዎ ይባረክ፣ ማኅተሙ ጠፍቷል። ግን አክስቴ አየችውና ‹ይህቺ እህቴ አይደለችም፣ አንገቷ ባዶ ነው› አለች። ትዕግስትም ይህን ስትሰማ ፎቶውን መለሰችልኝ። ‹የማላውቃት ሴት ቤቴ አልሰቅልም› አለች። ሠርጉ እሑድ ነው።»

ለቡድኑ፣ «የማኅተሙ ፊደል መስሎኝ ነው» አልኩ። ሁሉም «አይዞዎት፣ ማንም ይሳሳታል» አሉኝ። እውነቱን እዚህ ልጻፈው። ፊደል አልመሰለኝም። ማኅተሙ ሲሸሽ እነዚያ መስመሮች አልሸሹም፤ ከቆዳዋ ጋር ያሉ መሆናቸውን ዓይኔ አውቋል። ንቅሳት መሆኑን እያወቅሁ ነው ያጠፋሁት። እጄ ለምዶ።

ሜሮንን፣ «ከቡድኑ አውጪኝ» አልኳት። «ለምን?» «የሰው እናት አበላሸሁ።» እሷም፣ «እማዬ፣ እኔ ጭላሎ የምወጣው ሳልፈራ ይመስልሻል? እግሬ እየተንቀጠቀጠ ነው። አንቺ ሳጉሬ ለመሄድ ነው የፈራሽው? ሚኒባስ እኮ ነው!» አለችኝ። ሳጉሬ እንሂድ ያልኩ ግን እኔ አልነበርኩም። መታወቂያውን ራሱን እንደገና ለማንሣት እሷ ነች አስባ የጨረሰችው። መስታወቱን ከነመሀረቡ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

የገበያ ቀን ስለነበር ከገብስ ጆንያ ጋር ተጨናንቀን ደረስን። ደረጀ ከመናኸሪያው ተቀብሎ አክስቱ ቤት ወሰደን። እማማ አስካለ በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል፣ ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ጠቅልለው። ሙሽራዋ ትዕግስት አጠገባቸው ነች፣ እጇን አጣምራ።

«አንቺ ነሽ የእህቴን አንገት የላጥሽው?» አሉኝ እማማ አስካለ፣ ገና ሳልቀመጥ።

«እኔ ነኝ።»

«ማኅተም መስሏት ነው አሉኝ።»

«አይደለም እማማ። ለምጄ ነው። ከተማ የሚመጡ ልጆች አጥፊልን ይሉኛል፣ አጠፋለሁ። እህትዎ ግን አላሉኝም።»

ደረጀ መሬት መሬት አየ። ሴትዮዋ ነጠላቸውን ከአንገታቸው ዝቅ አደረጉት። ሁለት ሙሉ ረድፍ ንቅሳት አላቸው፤ ሦስተኛው ከግማሽ ላይ ተቋርጧል።

«እኔና እሷ በአንድ ቀን፣ በአንድ እጅ ነው የተነቀስነው» አሉ። «ነቃሿ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ስትደርስ እኔ አልቻልኩም፣ ተነሥቼ ሮጥኩ። ገብስ ውስጥ ተደብቄ ዋልኩ። እህቴ ጨረሰች። ሦስቱንም። እነዚህ ግን አያምኑኝም፣ ‹መታወቂያው ላይ ሁለት ነው› ይሉኛል።»

ደረጀ፣ «አክስቴ፣ ሁለት እኮ ነው የሚታየው» አለ።

«መታወቂያውን ስጠኝ» አልኩት።

ወዲያው አየሁት። የላከልን ፎቶ በመስኮት ብርሃን የተነሳ ነው፣ የመታወቂያው ላስቲክ ሽፋን አብለጭልጯል። የማኅተሙ ወፍራም ክብ ደግሞ በትክክል ከሁለተኛው ረድፍ ሥር ነው ያረፈው። ላስቲኩን በጥንቃቄ አወጣንለት። በሩ ሥር፣ ጥላ ውስጥ፣ ጋቢ ላይ ሳይሆን በቆርቆሮ ትሪ ጀርባ ላይ አስተካክዬ አስቀመጥኩት፤ የጋቢ ፀጉር ፎቶ ውስጥ ይገባል። ሜሮን ካሜራዋን ቀጥ አድርጋ ከላይ ያዘች። እኔ የጋሽ ተሾመን መስታወት ሌንሱ ፊት ያዝኩ።

«እማዬ፣ አትተንፍሺ።»

«መቼ ተነፈስኩ!»

አነሳች። ሁሉም ነገር ሰማያዊ ሆኖ ወጣ። ጥቁርና ነጭ አደረገችው። ማኅተሙ ሳሳ፣ ሳሳ፣ እንደ ጭጋግ ሆነ። ከሥሩ አንድ ረድፍ። ሁለት ረድፍ። ከዚያ ወፍራሙ ክብ በነበረበት ቦታ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ሳይቋረጥ...

«ሦስት!» ጮኹ እማማ አስካለ። «ሦስት አላልኳችሁም? ጨርሳለች አላልኳችሁም?» ካሜራውን ለማየት ሲነሡ ሊወድቁ ነበር። ደረጀ ይስቃል፣ ዓይኑ ደግሞ እንባ ሞልቷል። እኔም ሜሮንን ትከሻዋን እየደበደብኳት እንደ ሕፃን ዘለልኩ።

ትዕግስት ካሜራውን ተቀብላ የእናቷን አንገት አጎላችው። ለረጅም ጊዜ አየች።

«እናቴ አልፈራችም ማለት ነው?» አለች።

«ኧረ ፈርታለች፣ አልቅሳለች» አሉ አክስቷ። «አልሮጠችም እንጂ።»

የቀረችውን ጭጋግ እዚያው በረንዳ ላይ አጸዳሁ፣ በዝግታ፣ በእያንዳንዱ ነጥብ «ይሄስ?» እያልኩ። እማማ አስካለ ከአጠገቤ ሆነው «እሱ የሷ ነው»፣ «እሱ የመንግሥት ነው» እያሉ ፈረዱ። ግንባሯ ላይ ትንሽ ጠባሳ ነበረች። የሷ ነች ተባለ። ቀረች። እሑድ ዕለት ፎቶው ከሙሽሮቹ ወንበር በስተጀርባ ተሰቅሎ ነበር። ከማል በቡድኑ፣ «እትዬ ዘነበች መንግሥትን ከአንድ አንገት ላይ አስነሡ» ብሎ ጻፈ።

ከዚህ ሥራ የተማርኩት ይህ ነው። ሰው አጥፊልኝ ካለኝ አጠፋለሁ። ካላለኝ እጠይቃለሁ። የምጠይቀው ሰው ሞቶ ከሆነ፣ የሚያውቀው ሰው ያለበት ድረስ በሚኒባስ እሄዳለሁ።