ላሟ ወዲያ፣ ጥጃዋ ወዲህ

የያዙኝ ወሰን ሰፈር፣ ከቤቴ ዝቅ ብሎ ካለው ጋራዥ ፊት ለፊት፣ ወደ መገናኛ የሚሄድ ታክሲ ስጠብቅ ነው። ሲቪል የለበሱ ሁለት ፖሊሶች መጡ። አንደኛው ስሜን ጠራ፤ ሌላው ቦርሳዬን ተቀበለኝ። ከሩቅ ላየው ሰው ሊያግዘኝ የመጣ ዘመድ ይመስላል። ጎማ ይፈታ የነበረው መካኒክ ቀና ብሎ አየንና ተመልሶ አጎነበሰ። አልፈረድኩበትም፤ በዚያ ሰሞን ብዙ ማየትም ያስጠይቅ ነበር።

ያሳሰረኝ ጽሑፍ ነው። በከተማዋ ዙሪያ መሬት እየጠበበ ሲሄድ አራሹና ከብት አርቢው እንዴት እርስ በርሳቸው እንደሚፋጁ፣ ከሁለቱም ጋር ቁጭ ብሎ የሚነጋገር ባለሥልጣን እንደጠፋ ጽፌ ኢንተርኔት ላይ ለጥፌ ነበር። መርማሪው ይህን "ሕዝብን ከሕዝብ ማጋጨት" አለው። የጻፍኩት ጠቡ እንዲበርድ መሆኑን ላስረዳው ስሞክር፣ "እሱን ለፍርድ ቤቱ ትነግሪያለሽ" ብሎ ወደ ሴቶቹ ክፍል ላከኝ።

በሩ ሲከፈት ቀድሞ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ እርጥብ ጫማ፣ በረኪና፣ ያደረ ወጥ። ክረምቱ ገና አልወጣም ነበርና ግድግዳው ያልበዋል። ጣሪያው ሥር አንዲት ጠባብ መስኮት አለች፤ ጄሪካን ላይ የቆመ ሰው በእሷ በኩል የእንጦጦን ባሕር ዛፍ ጫፍ ያያል። ወለሉ ላይ ግን የሚታየው ሰው ብቻ ነው። የት እንደምረግጥ ጠፍቶኝ በሩ ላይ ቆምኩ።

ቦታ የሚደለድሉት ካቦዋ ነበሩ፤ ካቦ ማለት እስረኞቹ መሃል ሆኖ ክፍሉን የሚያስተዳድር እስረኛ ነው። ወሰን ውስጥ ሱቅ ያላቸው ሙስሊም እናት ናቸው፤ ከአከራያቸው ጋር ተጋጭተው ነው የገቡት። ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"በምን ገባሽ?"

"በጽሑፍ።"

"እሺ። እዚህ ግን የሚጻፍ የለም። ጎንሽን አጥብበሽ ተኚ" አሉኝ፣ ከግድግዳው አጠገብ እያመለከቱኝ።

ጎኔን አጠበብኩ። ቁንጫውንም፣ ሁላችንም በአንድ ጎን ተኝተን ካቦዋ "ዙሩ!" ሲሉ አብረን መገልበጡንም ለመድኩት። ያለመድኩት ምርመራውን ነበር። ወደ መርማሪው ቢሮ በወጣሁ ቁጥር እጄ በካቴና ይታሰራል፤ እዚያም ሰው አጋጭ ስባል እውላለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ሲደጋገምብኝ እኔም ራሴን መጠርጠር ጀምሬ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለት ሴቶች አመጡ። የአንዷ ግንባር በነጠላ ታስሯል፣ ደም ደርቆበታል። ሌላዋ ክንዷን በሻሽ አንጠልጥላለች። ሁለቱም እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው። ከእንጦጦ፣ ከኪዳነ ምሕረት ከፍ ብሎ ካለው መንደር ነው የመጡት። ግንባሯ የታሰረው ከብት አርብታ ወተት ትሸጣለች፤ ክንዷ የተጎዳው ገብስና ድንች ታርሳለች። ክፍሉ ወዲያው ስም አወጣላቸው፦ ባለላሟና ባለገብሷ።

ክፍት ቦታ የተገኘው ከእኔ ጎን ብቻ ነው፤ እሱም ለሁለቱ አንድ ላይ።

"ከሷ ጎን ከምተኛ ቆሜ አድራለሁ" አለች ባለላሟ።

"ቁሚ! ማን ከለከለሽ?" አለች ባለገብሷ።

ካቦዋ ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺ፣ መሃል ግቢ።"

ገባሁ። ስለ ድንበር ስንት ገጽ የጻፍኩት ሴትዮ፣ ድንበር መሆን ጎን እንደሚያሳምም ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

"ላሜን ልቀቂ" ትላለች የግራዋ።

"ገብሴን መልሺ" ትላለች የቀኟ።

የሚነጋገሩት በእኔ ላይ አሻግረው ነው። ከስድቡ መሃል ነገሩን ለቃቅሜ ተረዳሁት። ጠዋት የባለላሟ ከብቶች ሊያሽት የደረሰውን ገብስ ጥሰው ገብተዋል። ባለገብሷም በአገሩ ወግ ሰብል ላይ ያገኘችውን ከብት ነድታ ግቢዋ አሰረች፤ ባለቤቱ መጥቶ ጎረቤት ጉዳቱን እስኪገምትና እስኪካስ ድረስ ከብቱ መያዣ ይሆናል። ሌሎቹ ሮጠው አምልጠው የቀረችው አንዲት ላም ናት። በንዴቷ ልብ ያላለችው ግን ላሟ አራስ መሆኗን ነው። ጥጃዋ ባለላሟ ቤት ታስራ ቀርታለች። ባለላሟም ጎረቤት ጠርታ ከማስገመት ይልቅ ዱላ ይዛ መጣች፤ የቀረውን ግንባሯና የባለገብሷ ክንድ ይናገራሉ።

"እኔስ ግድ የለም፤ ልታሰር" አለች ባለላሟ፣ ድምፅዋ ድንገት ሰልሎ። "ላሟ ግን ከጠዋት ጀምሮ አልታለበችም። የሐበሻ ላም ናት፤ ጥጃዋን ካላሸተተች ጠብታ አትለቅም። ነገ ጡቷ ይደነድናል። ሌሎቹ ነጥፈዋል፤ ቤቴን የያዘችው እሷ ናት። ጥጃዋም ገና ሣር አታውቅም፤ እናቷ እዚያ እያገሳች በረሃብ ትሞታለች።"

ባለገብሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትከሻዋ ትከሻዬን ነክቶት ስለነበር እንደደነገጠች አወቅሁ። ላም ያሠረች እንጂ ላም ልትገድል የወጣች ሴት አልነበረችም።

እኔም አማራጭ አመጣሁ። "ጥጃዋ ላሟ ወዳለችበት ብትወሰድስ?"

"እሷንም እንድትይዛት?" አለችኝ ባለላሟ። "አንቺ ልጅ፣ የት ነው የተማርሽው?" ክፍሉ ሳቀ።

"እንግዲያው ላሟ ትሂድላት" ብዬ ወደ ቀኜ ዞርኩ።

"ላሟ ከሄደች ገብሴን ማን ያይልኛል? ነገ 'የማን ከብት?' ትለኛለች።"

ካቦዋ መስገጃቸውን እያጠፉ ነበር። "አጂብ ነው!" አሉ ለራሳቸው ያህል። "እናንተ እስረኛ፣ ላሟ እስረኛ። ያቺ ጥጃ ደግሞ ምን አድርጋ ነው?"

ባለገብሷ ፊቷን እንዳዞረች ለግድግዳው መናገር ጀመረች።

"ገብሱ ብቻ መሰላችሁ? እናቴና እናቷ እንዲህ ነበሩ? አዝመራ ከተነሣ በኋላ የእነሱ ከብቶች የኛ ማሳ ላይ ይለቀቁ ነበር። እዚያው ያድራሉ። መሬት ላይ የቀረው ለከብቶቹ፣ ፍጉ ለመሬታችን። አሁን ግን ፍጉን ጠፍጥፋ፣ ኩበት አድርጋ ትሸጠዋለች። መሬቴ አረጀ። የዘራሁትን እንኳ አይመልስልኝም።"

"ማሳሽን በእሾህ ያጠርሽው ማን ሆነሽ ነው?" ባለላሟ ከተኛችበት ተነሥታ ተቀመጠች። "ከብቶቼ የት ይደሩ? ወደ ላይ ስል አጥር፣ ወደ ታች ስል ቤት፤ አንቺ ጋ ስደርስ እሾህ። ኪሴ ውስጥ ላሰማራቸው? ኩበቱንም የሸጥኩት መኖ ልገዛበት ነው!"

አንዷ "ቀድመሽ ያጠርሽው አንቺ" ስትል ሌላዋ "ቀድመሽ ኩበት የሸጥሽው አንቺ" ትላለች። ማን እንደቀደመ ዛሬም አላውቅም። በዚያች ሰዓት ግን የታየኝ አንድ ነገር ነበር፤ አንዷ የጠፋባት የሌላዋ እጅ ላይ አለ። ጽሑፌ ውስጥ ይህን አልጻፍኩትም፤ አላየሁትም ነበርና።

"አጥሩ ከአጨዳ በኋላ ቢከፈት፣ ፍጉ ይመለሳል ወይ?" አልኩ።

ስድቡ ቆመ።

ከዚያ ወዲያ ሥራው ክር እንደ መፍታት ነበር፤ የያዝነውን ጫፍ ላለመልቀቅ ቀስ እያልን። ላሟ ለመያዣ እዚያው ትቆያለች። ጥጃዋን የባለላሟ ሴት ልጅ ጠዋትና ማታ ይዛት ትሄዳለች፤ ታጠባታለች፣ ላሟን ታልባለች፣ ወተቱንም ጥጃዋንም ይዛ ትመለሳለች። የገብሱ ካሳ ፍግ ነው፦ አዝመራው ሲነሣ ከብቶቹ እንደ ድሮው ማሳው ላይ ይለቀቃሉ፣ እዚያው ያድራሉ።

"ጥጃዋን እንደማትይዝብኝ ማን ዋስ ይሆነኛል?" አለች ባለላሟ። ያለ ዋስ ሽምግልና የለምና ልክ ናት።

"እኔ" አልኩ።

ባለገብሷ ዞር ብላ አየችኝ። "አንቺ? ላንቺ ለራስሽ ዋስ ጠፍቶ አይደል እዚህ የተኛሽው?" አለችና ሳቋ አመለጣት። ባለላሟም ላለመሳቅ ብትታገልም አልቻለችም። ካቦዋ በመዳፋቸው አፋቸውን ሸፈኑ። እኔም እንደዚያ ከሳቅሁ ቆይቼ ነበር።

የራት ሰዓት ደርሶ የባለገብሷ ባል ምግብ ይዞ መጣ። ፖሊሱ ጠራት። ወጥታ ስትመለስ ባለላሟ ለመጠየቅ አልደፈረችም፤ ጠየቅሁላት።

"ነገርሽው?"

"ነገርኩት።"

"ምን አለ?"

"'አብደሻል' ብሎኝ ሄደ።"

ባለላሟ ያን ምሽት አልበላችም።

በማግስቱ ጠዋት ቁርስ የያዙ ቤተሰቦች ሲመጡ፣ የባለላሟ ልጅ ከምግቡ ጋር አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሰጠቻት። ወተት ነው፤ ገና ለብ እንዳለ። ለካ የባለገብሷ ባል እያጉረመረመም ቢሆን ማታውኑ ሄዶ ልጅቷን ጥጃዋን እንድታመጣ ነግሯት ኖሯል። ባለላሟ ጠርሙሱን ጉንጯ ላይ አስደግፋ አለቀሰች። ከዚያ ክዳኑን ከፈተችና፣ ሳትቀምሰው፣ በእኔ ላይ አሻግራ ለባለገብሷ ሰጠቻት። ባለገብሷ በደህና እጇ ተቀብላ ተጎነጨች። "ላምሽ ወተቷ ወፍራም ነው" አለች። ይህን ጊዜ ከመሃላቸው ተነሥቼ ግድግዳው ጥግ ሄድኩ፤ ድንበር አላስፈለገም።

መርማሪው ሁለቱን ሲያስጠራ እርስ በርስ የተካሰሱበትን ሊሰማ ነበር። ታርቀናል አሉት። ማን አስታረቃችሁ አለ። ሽማግሌያችን እዚያ ውስጥ ናት አሉት። መጥተው ወሰዱኝ፤ እንደ ልማዱ እጄን አስረው።

ቢሮው ያው ቢሮ ነው፣ ጠረጴዛውም ያው። መርማሪው አንገቱን ወዘወዘ። "ይቺ ሰው በማጋጨት የተጠረጠረች ናት። ሌላ ሽማግሌ አጣችሁ?"

"እኛ የምናውቀው ስታስታርቀን ነው" አለች ባለገብሷ።

"በሉ እሺ። ትመርቅና ሂዱ።"

ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም። ባለላሟ ወደ ካቴናዬ አመለከተች። "ጌታዬ፣ በታሰረ እጅ እንዴት ተደርጎ ይመረቃል? ምርቃት እኮ መዳፍ ተዘርግቶ ነው። እንዲህ ሆኖ ቢመረቅልን ዕርቁም አብሮ ይታሰራል።"

"ታስረሽ ትቀመጫለሽ እንግዲህ" አላት።

"እቀመጣለሁ" አለች። እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ባለገብሷም ክንዷን ደግፋ ከጎኗ ተቀመጠች። ባለላሟ፣ ሰው ግቢ የታሰረች አራስ ላሟ እየጠበቀቻት፣ ለእጄ ብላ ተቀመጠች።

መርማሪው ወለሉ ላይ የተቀመጡትን አየና ቁልፉን አወጣ።

እጆቼን ዘረጋሁ። ከሁለቱም ታናሽ ነኝ፤ መርቄም አላውቅም። ቢሆንም አፌ ላይ የመጣውን አልኩ፦ "ገብሱ ያሽት። ላሟ ትታለብ። ጥጃዋ ትደግ። መሬቱ ቢጠብም ሆዳችሁ አይጥበብ።" "አሜን፣ አሜን" አሉ ሁለቱ። ከጠረጴዛው ወዲያም ዝቅ ያለ አሜን የሰማሁ መሰለኝ፤ አልምልም። ተነሥተው ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ፣ ከዚያ እኔን። ሲያበቃ እጆቼን እንዲታሰሩ አቀረብኩ። መርማሪው ካቴናውን አየና መሳቢያው ውስጥ ከተተው። "ግቢ" አለኝ። ወደ ክፍሌ በነጻ እጅ ተመለስኩ።

እነሱ ወጡ፣ እኔ ቀረሁ። ግን አልተዉኝም። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር አንዷ ቅቅል ድንች፣ አንዷ ወተት ይዘው አብረው ከተራራው ይወርዱ ነበር። ጠባቂው "ምኗ ናችሁ?" ሲላቸው "ሽማግሌያችን ናት" ይላሉ፤ ወጣት መሆኔን እያየ ይስቃል፣ ያስገባላቸዋል። ከዚያ በኋላ ማንም ሰው አጋጭ ሲለኝ ራሴን አልጠረጠርኩም።

አሁን ወጥቼ ቤቴ ነኝ። አንዳንዴ ስለ ግጭት አፈታት ተናገሪ ብለው ይጠሩኛል። ያለኝ ምሳሌ ይህ አንድ ነው። ለዚያ ክፍል ምስጋና የለኝም፤ ማንም ለቁንጫና ለካቴና ማመስገን የለበትም። ለካቦዋ፣ ለባለገብሷና ለባለላሟ ግን እስከ ዕድሜዬ ፍጻሜ አመሰግናለሁ። ሰው መሆኔን ሊያስረሱኝ ሲደክሙ የነበሩ ሰዎች ፊት፣ ወለል ላይ ተቀምጠው አስታወሱኝ።

መሬቱ አልሰፋም። ከዚያ ወዲህ ይባስ ጠቧል። ባለፈው ሳምንት ስልኬ ጠራ፤ ባለገብሷ ናት።

"ነይና ዳኚን። ዛሬም ላሟ ገብሴ ውስጥ ገብታለች። ግቢዬ አስሬያታለሁ።"

"ተደባደባችሁ?" አልኳት።

"ኧረ! ተሰዳደብን እንጂ።"

ከጀርባዋ የባለላሟ ድምፅ ተሰማኝ፤ ቁጣዋ ገና አልበረደም። "ቶሎ ድረሺ በያት!" ትላለች። "ደግሞ እንዳትሳቀቅ ንገሪያት፤ ጥጃዋን ራሴ አምጥቻታለሁ። እየጠባች ነው።"